ልጆቻችን ከመጽሐፍ ለምን ይሸሻሉ? ከባሌ ሮቤ አንድ ክፍል የተገኘ ትምህርት

በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን አለ። ይሁንና ብዙ ጊዜ «ልጁ ሰነፍ ነው» በሚል አንድ ቃል ዘግተነው እናልፋለን። እርሱም የማንበብ ጉዳይ ነው።

ከአንድ ልጅ ታሪክ እንጀምር። ልጁ በሮቤ ከተማ የ5ኛ ክፍል ተማሪያችን ነበር። አንድ ቀን ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንዲያነብልን አስነሳነው። ቆሞ፣ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይደናቀፍ ተወጣው። «ጎሽ!» ልንለው ጠጋ ስንል ግን የተገለጠው ሌላ ገጽ መሆኑን አየን። ከእርሱ በፊት አንቀጹን ያነበቡትን ሁለት ልጆች በጆሮው ሰምቶ በቃሉ ይዞት ኖሯል።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ነገሩን በዝምታ ማለፍ ስንችል «ለመሆኑ የቱን ገጽ ነው የምታነበው?» ብለን በ62 ተማሪዎች ፊት ጠየቅነው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ፤ በማግስቱም አልመጣም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቦታው ባዶ ሆኖ ቀረ።

ይህ ልጅ ቅዳሜና እሁድ በምናስተምርበት መድረሳ ጁዝእ ዐምመን ከዳር እስከ ዳር የሓፈዘ ልጅ ነው። ታዲያ አእምሮው ደካማ ነው ማን ሊል ይችላል? በአሥረኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄድን። ወሩ ታኅሣሥ ነበርና ስንዴው እየታጨደ ነው። አባቱ በአክብሮት ተቀበሉን፤ ሻይም ቀረበልን። ከዚያም እንዲህ አሉን፦

«መምህር፣ እርስዎም አይድከሙ፤ እርሱንም አያድክሙት። መጽሐፍ የእርሱ ዕጣ አይደለም። ከብቱ ይሻለዋል።»

«አባቴ፣ እስከሚመጣው መኸር ድረስ ጊዜ ይስጡን» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «እስከ መኸር ድረስ፤ ከዚያ በኋላ ግን አይጠይቁኝ» አሉ። ይህ ጽሑፍ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው።

አለመቻልና አለመፈለግ

መጀመሪያ የተማርነው ነገር ቢኖር የማያነብ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። ማንበብ የማይችል አለ፤ ማንበብ እየቻለ የማይፈልግም አለ። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም መጽሐፍ ሲከፈት መስኮት መስኮቱን ያያሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ለማይችለው ፊደልና ድምፅን በትዕግሥት ማገናኘት ያስፈልገዋል። ለማይፈልገው ደግሞ ልቡን የሚነካ ነገር ማግኘት ያስፈልገዋል። አንደኛው ቸል ከተባለ ቀስ በቀስ ወደ ሁለተኛው ይለወጣል፤ በማያውቀው ነገር ዘወትር የሚዋረድ ልጅ መጨረሻ ላይ ነገሩን ይጠላዋልና። በአንጻሩም የማያነብ ልጅ ልምድ ስለሌለው ችሎታው ባለበት ይቆማል።

ሦስተኛም አለ። በክፍላችን ሁለት ልጆች ችግራቸው ጭራሽ ዓይናቸው ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይደበዝዝባቸው ነበር፤ እኛ ግን ለወራት «አያተኩሩም» ስንል ከረምን። ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን ከመገሠጻችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ጥናት፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ በሚማሩበት ቋንቋ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያልሄዱ አይደሉም፤ ለሁለት ዓመት ያህል ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። ሮቤ መምህራን ኮሌጅ ያለባት፣ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ሆኖም ከእነዚያ ግቢዎች የጥቂት ደቂቃ መንገድ ርቆ መጽሐፍን በጆሮው የሚያነብ ልጅ አለ።

ሦስት ፊደል በአንድ ራስ

በባሌ ደጋ የሚያድግ የሙስሊም ልጅ የሚሸከመውን ሸክም ስንቶቻችን አስተውለነዋል? ማለዳ መድረሳ ገብቶ «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» ይላል። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ አብዛኛው ፊደልም በቃሉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ መልኩን ይለውጣል። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄዶ ኦሮምኛን በቁቤ ይማራል፤ ይህኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። አማርኛም ይማራል፤ የፊደል ገበታው 33 ቤት፣ እያንዳንዱ ቤት ሰባት መልክ ነው። እንግሊዝኛም አለ። የእንግሊዝኛ ፊደል ከቁቤ ጋር በመልክ አንድ ነው፤ በድምፅ ግን ብዙ ቦታ ይለያያል። «ኤክስ» የሚባለው ፊደል በቁቤ «ጠ» ነው፤ «ሲ» «ጨ» ነው፤ «ኪው» ደግሞ «ቀ» ነው።

አማርኛውም የራሱ ወጥመድ አለው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ ግን «ይገኛል» ማለት ነው። አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ልጅ በስሜት ይለየዋል። በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ ግን በምን ይለየው?

በዚህ ላይ አንድ ሐቅ እንጨምር። በመድረሳ ልጆቻችን ቁርአንን የሚቀሩት ገና በማያውቁት ቋንቋ ነው። ይህ ዒባዳ ነው፤ ጥቅሙም ከፍ ያለ ነው፤ ድምፅን አጥርቶ መስማትን፣ ማስታወስንና ትዕግሥትን ያስተምራል። ነገር ግን ልጁ «መቅራት ማለት ሳይረዱ በትክክል ማሰማት ነው» ብሎ ልማዱን ወደ ሌላው መጽሐፍ ሁሉ ሲወስደው ችግር ይፈጠራል። የእኛ ተማሪ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሊያታልለን ብሎ አልነበረም። የሚያውቀው ንባብ ያ ነበር፤ በእርሱም ብርቱ ነበር።

የቀደሙት ዑለሞቻችን ይህንን ችግር ያውቁት ነበር። በዐረብኛ ፊደል ኦሮምኛን ጽፈው ያስተማሩት ለዚህ ነው። ሐረርጌ ውስጥ ሼኽ በክሪ ሳጰሎ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኦሮምኛ ድምፆች የሚስማማ አዲስ ፊደል እስከመፍጠር ደርሰዋል። ሰው በአፉ በሚናገረው ቋንቋ ሲያነብ ልቡ እንደሚከፈት ተረድተው ነበርና። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ሲመረጥ የዚያ ፍላጎት መልስ ተገኘ። ፊደሉ አለ፤ ልጆቹም አሉ። የጎደለው በልጆቹ እጅ የሚገባ መጽሐፍ ነው።

የተቆለፈው ቁም ሳጥን

መጽሐፍ ፈጽሞ የለም ማለታችን ግን አይደለም። ቀድሞ ባስተማርንበት አንድ ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ በርዳታ የመጡ መጻሕፍት የሞሉበት የብረት ቁም ሳጥን ነበር። ቁልፉ የንብረት ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነበር። መጽሐፍ ለክፍል ለመውሰድ በሞዴል 22 ፈርሞ መረከብ ያስፈልጋል፤ የጠፋ ካለ የፈረመው መምህር ከደመወዙ ይከፍላል። ታዲያ ማን ይፈርማል? በኃላፊው አንፈርድበትም፤ እርሱም ተጠያቂ ነው። መጻሕፍቱ ግን በዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይነበቡ አረጁ።

በኋላ ተከፍቶ ስናያቸውም ብዙዎቹ ለእኛ ልጆች የሚሆኑ አልነበሩም። በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ስለ በረዶ ላይ ሸርተቴና ስለ ባቡር ጣቢያ የሚያወሩ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን የኬሚስትሪ ጥራዝም የተቀላቀለባቸው ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛ፣ የተቆለፈ መጽሐፍ ከሌለ መጽሐፍ አይሻልም። ሁለተኛ፣ የመጻሕፍት ቁጥር ቤተ-መጻሕፍት አያደርግም፤ ለልጁ ልክ የሆኑ መሆን አለባቸው።

በአህያና በግመል የመጡ መጻሕፍት

በአገራችን በዚህ መንገድ ቀድመውን የሄዱ አሉ። ከእነርሱ አንዱ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። ትውልዳቸው ነገሌ ቦረና ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ-መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ በመደርደሪያው ላይ ተደርድረው ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ ግን አጡ። ከዚያም የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ላይ አሳተሙ፤ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት ከሌሎች ጋር መሠረቱ። አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ-መጻሕፍትን ከፈቱ። በአዋሳ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ-መጻሕፍት አስጀመሩ። ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያ መጽሐፉን በ19 ዓመቱ ያነበበ ሰው ለስንት ሺህ ልጆች በር ከፈተ! «ዕድሜው አለፈ፤ ከእንግዲህ አያነብም» የምንለው ልጅ ካለ ይህንን እናስታውስ።

በሶማሌ ክልልም ሴቭ ዘ ችልድረን መጻሕፍትን በእንጨት ሣጥን አድርጎ በግመል ወደ አርብቶ አደሩ መንደር ወስዷል። አንድ ግመል እስከ 200 የሚደርሱ መጻሕፍት ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እነዚህ ግመሎች ለብዙ ልጆች ብቸኛዎቹ መምህራን ሆነው ነበር። በዋና ከተማችንም በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ-መጻሕፍት ተከፍቷል፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጁ ወደ መጽሐፉ መሄድ ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይምጣ፤ የአህያውና የግመሉ ትምህርት ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አህያም ግመልም አላስፈለገም። አንድ ካርቶን በቃን።

ካርቶኗ

በሳሙና ካርቶን ውስጥ በ23 መጻሕፍት ጀመርን። ዘጠኙ የአማርኛ፣ አምስቱ የኦሮምኛ፣ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ተረቶች ነበሩ፤ ሦስቱ ደግሞ ያረጁ መጽሔቶች ናቸው። ገሚሱን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዛን፤ ገሚሱን ከጓደኞቻችን ለመንን። ጠርዛቸውን በመርፌና በሲባጎ ሰፋን፤ በላስቲክ ሸፈንን። ቀጥሎ በአፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ በነፃ ከሚገኙት የአማርኛና የኦሮምኛ ተረቶች በስልክ አውርደን ጥቂቶቹን አሳተምን፤ ወረቀቱን አጥፈን መሃሉን ሰፍተን ትንንሽ መጻሕፍት አደረግናቸው።

የበለጠው ሀብት ግን ከልጆቹ ቤት መጣ። እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ ወይም ከአያቷ አንድ ተረት ወይም አንድ እውነተኛ ታሪክ ሰምቶ እንዲመጣ አዘዝን። የመጣውን እኛ በመጀመሪያው ቋንቋው ጻፍነው፤ ልጆቹ ሥዕል ሣሉበት። ስለ ሰነቴ ብርድ፣ ስለ ደጋ አጋዘን፣ ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ የጠፋ በቅሎ ስለተፈለገበት ሌሊት፣ ከሮቤ ጎባ በእግር ስለተሄደበት ዘመን ተጻፈ። በዓመቱ መጨረሻ ከካርቶኗ 140 ያህል መጻሕፍት መካከል 41ዱ በልጆቹ የተሠሩ ነበሩ። አብልጠው የተነበቡትም እነርሱ ናቸው። የጓደኛውን ስም በሽፋኑ ላይ ያየ ልጅ «የእኔስ?» ይላልና።

ሥርዓታችን ቀላል ነበር፦

1ኛ. መጻሕፍቱን በክብደታቸው በሦስት ቀለም ለየናቸው። ቀለሙን «የሰነፍ»፣ «የጎበዝ» ብለን አልሰየምንም። ማንም ከየትኛውም ቀለም ማንሳት ይችላል።

2ኛ. ልጁ መጽሐፍ ሲመርጥ አንድ ገጽ ገልጦ ያያል። ያላወቀው ቃል ሲገጥመው አንድ ጣቱን ያጥፋል። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዶታል፤ ሌላ ይመርጣል።

3ኛ. ያልጣመውን መጽሐፍ ሳይጨርስ መመለስ ይችላል። ይህ ብዙ መምህራንን ያስደነግጣል፤ እኛንም አስደንግጦን ነበር። ነገር ግን ትልቅ ሰው ያልጣመውን መጽሐፍ ይዘጋል፤ ልጅ ይህ መብት ለምን ይነፈገዋል?

4ኛ. በየቀኑ 15 ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ያነባል። መምህሩም ያነባል እንጂ ደብተር አያርምም። ልጆች የምናዛቸውን ትተው የምናደርገውን ይከተላሉና።

5ኛ. ከንባቡ በኋላ ፈተና የለም። «ምን ገጠመህ? ለማን ትመክረዋለህ?» ብቻ ብለን እንጠይቃለን።

6ኛ. ማንበብ የሚከብደው ልጅ ከጓደኛው ጋር ጥንድ ሆኖ ያነባል። ጓደኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ እርሱም ቃላቱን በጣቱ እየተከተለ ያንኑ ይደግማል። አንዱን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ ነውር አይደለም፤ በመድረሳ አንድን ሱራ ስንት ጊዜ ነው የምንደግመው?

7ኛ. ሰው ፊት ተነስቶ ማንበብ በፈቃድ ብቻ ሆነ። ይህኛውን ሕግ ያወጣነው በእዳ ነው።

ያልተሳካልን

ሁሉም ነገር አልሰመረም። 11 መጻሕፍት ጠፉ። አንዱ ቅቤ ጠጥቶ ተመለሰ፤ አንዱን ጥጃ በላው። በመጀመሪያ ተናደን መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ ከልክለን ነበር። ወዲያው ካርቶኗ ጸጥ አለች፤ ልጆቹ መቅረብ ተዉ። ያን ጊዜ የነቀፍነውን የተቆለፈ ቁም ሳጥን እኛው እየሠራን መሆናችንን አስተዋልን። ክልከላውን አነሳን፤ የተዋሾችን ስም የሚይዙ ሁለት ተማሪዎች ሾምን። ዓመቱን ሙሉ 11 መጽሐፍ መጥፋቱ የንባብ ዋጋ ነው ብለን ተቀበልነው።

በመኸርና በበልግ አዝመራ ጊዜ ደግሞ ክፍሉ ይሳሳል። ኮምባይነር የማይደርስበት ማሳ የልጆችን እጅ ይፈልጋል። እነዚያን ሳምንታት ልጆቹ ሁለት ሁለት መጽሐፍ ይዘው እንዲሄዱ አደረግን። ከፊሎቹ አነበቡ፤ ከፊሎቹ ሳይገልጡ መለሱ። በዓመቱ መጨረሻም ገና አጥርተው ማንበብ ያልቻሉ ስድስት ልጆች ነበሩን። ካርቶን ብቻውን ተአምር አይሠራም። ለእነርሱ ከክፍል በኋላ ፊደልን ከሥሩ መጀመር ነበረብን፤ የጀመርነውም ዘግይተን ነው።

የወላጆች ጥያቄ

አንዳንድ ወላጆች መጥተው ጠየቁን። «መምህር፣ ልጁ ተረት ከሚያነብ ቁርአኑን ቢሓፍዝ አይሻልም?» አሉን። ጥያቄው ከኢማን የመጣ ስለሆነ በአክብሮት መመለስ ይገባዋል።

መጀመሪያ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። የመድረሳው ሰዓት እንዳለ ነው፤ የጠየቅነው ከመንገድ ዳር ጨዋታና ከስልክ የሚተርፈውን ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ የወረደው ቃል «ኢቅራእ» መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ከበድር ምርኮኞች መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችሉት እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነፃ እንዲወጡ መደረጉም በሲራ መጻሕፍት ተዘግቧል። ልብ እንበል፤ እነዚያ መምህራን ሙስሊሞች እንኳ አልነበሩም። ሦስተኛ፣ ታሪክን መስማትና ከታሪክ መማር በቁርአን ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው፤ ሱረቱ ዩሱፍ ከሞላ ጎደል የአንድ ነቢይ ታሪክ ነው፤ «አል-ቀሰስ» ተብሎ የተሰየመም ሱራ አለ። እርግጥ ነው፣ የሚነበበውን መምረጥ የእኛ ኃላፊነት ነው። ካርቶኗ ውስጥ የሚገባውን እያንዳንዱን መጽሐፍ እኛ ራሳችን ቀድመን እናነበዋለን።

ሌላም ያስተዋልነው ነገር አለ። በቤታችን ሙስሐፉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ይህ አደብ ነው፤ መጠበቅም አለበት። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ሌላ መጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ሕፃን «መጽሐፍ ማለት የማይነካ ነገር ነው» ብሎ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ ሙስሐፉ በክብር ቦታው ይሁን፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የልጅ እጅ የሚደርስበት፣ ቢቀደድ የማንቆጣበት ሌላ መጽሐፍ ይኑር።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

«እኛ ራሳችን አልተማርንም፤ ልጃችንን እንዴት እናግዝ?» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። እናት ሆይ! ፊደል ባትቆጥሪም ትችያለሽ። ከመግሪብ በኋላ ቡናው ሲፈላ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጪና «እስቲ አንብብልኝ» በዪው። ሲጨርስ «ከዚያስ ምን ሆነ? እርሱ ለምን እንዲህ አደረገ?» ብለሽ ጠይቂው። መመለስ ከቻለ ገብቶታል፤ ካልቻለ ያሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ፈተና ዲፕሎማ አይጠይቅም። አያቶችም የሚያውቁትን ታሪክ ይንገሩ፤ ልጁ ይጻፈው፤ መልሶም ያንብብላቸው።

አባቶችም ልጆቻችንን ገበያ ስንወስድ የሱቁን ስም፣ የከረጢቱን ጽሑፍ እናስነብባቸው። ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ለታናናሾቻቸው በቀን አንድ ገጽ ያንብቡላቸው። የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ወጣቶች ሆይ! ለዕረፍት ስትመጡ ለሰፈራችሁ መድረሳ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ብታሰባስቡ ከምንዳው ትካፈላላችሁ። ማንንም አንማረር፤ «ሰነፍ»፣ «ደደብ» የሚሉትን ቃላት ከቤታችን እናውጣ። የተሰበረ ልብ በመጽሐፍ አይጠገንም፤ ቀድሞ በይቅርታ ነው።

ልጁስ?

ልጁ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። እኛም ክፍሉ ፊት «ያን ቀን ያጠፋነው እኛ ነን» ብለን ይቅርታ ጠየቅነው። ዝም አለ። ለሁለት ወር ያህል ወደ ካርቶኗ አልቀረበም፤ በንባቡ ሰዓት መጽሐፍ ይዞ ሳይገልጠው ይቀመጥ ነበር። አላስገደድነውም።

አንድ ቀን ግን ስለ ቀይ ቀበሮ የተሠራችውን ትንሽ መጽሐፍ አነሳ። ያቺን ታሪክ ለክፍሉ የነገረው እርሱ ራሱ ነበር። ቀይ ቀበሮዋ የምትወልድ ባዝራን ለምን እንደምትከተል ከአያቱ ሰምቶ አውርቶልን፣ እኛ ጽፈነው ነበር። ቃሉን ስለሚያውቀው ፊደሉ አልከበደውም፤ በጆሮው የያዘውን በዓይኑ አገኘው። ብርታቱ የነበረው የማስታወስ ኃይሉ ድልድይ ሆነለት። ያችን መጽሐፍ ሰባት ጊዜ ወሰዳት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

ዛሬም ፈጣን አንባቢ አይደለም። በጣቱ ይከተላል፤ ረጅም ቃል ሲገጥመው ቆም ይላል። ገጹ ግን ትክክለኛው ገጽ ነው።

በቀጠርነው መኸር ዋዜማ አባቱ ገበያ ላይ አገኙን። በክረምቱ ለስንዴው የአረም መድኃኒት ገዝተው እንደነበር ነገሩን። ልጁ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀስ እያለ አንብቦ፣ ሲረጩ አፍና አፍንጫቸውን እንዲሸፍኑ፣ ባዶ ጠርሙሱንም ውኃ እንዳይቀዱበት ነግሯቸዋል። እርሳቸው ግን ከዓመት ዓመት በባዶው ዕቃ ውኃ ሲቀዱበት ኖረዋል። ይህን ካወሩን በኋላ ጥቂት ዝም አሉና «መምህር፣ የቀጠርነው መኸር ደርሷል፤ ልጁ ግን እርስዎ ዘንድ ይቆይ» አሉን።

ውድ አንባቢያን! በየክፍሉና በየመድረሳው መጽሐፍን በጆሮው የሚያነብ አንድ ልጅ አለ። አንዱ ምናልባት በቤታችን ይኖራል። አንድ ካርቶን፣ ጥቂት መጻሕፍት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ የማያዋርድ አንደበትም እንስጠው።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን፤ ልጆቻችንንም ለዲናቸውም ለዱንያቸውም የሚበቁ ያድርግልን። አሚን።